ያልተሸጎጠ ሽጉጥ፦ የአሜሪካ አዳኞችና የማነጣጠሪያ ምርጫ ታሪክ

ሽጉጥ ስሙን ያገኘው ሸጎጠ ከሚለው ግሥ ሲሆን፣ ስሙም መሣሪያው የሚሠራውን ሥራ ትቶ የሚቀመጥበትን ቦታ ይናገራል፤ በወገብ፣ በብብት ወይም በልብስ እጥፋት የሚሸጎጥ፣ ጠላት ሲቀርብ ብቻ የሚመዘዝ አጭር መሣሪያ ማለት ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ግን ከ1930ዎቹ ወዲህ በዚሁ አጭር መሣሪያ አጋዘንን፣ ድብንና ሌላ ትልቅ አውሬን የማደን ልማድ እየተስፋፋ በመሄዱ፣ ሽጉጡ ከወገብ ወጥቶ በማንገቻ የሚንጠለጠል፣ በሁለት እጅ ተይዞና ተደግፎ የሚተኮስ፣ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር የተጫነበት ከባድ ዕቃ እስከ መሆን ደርሷል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስለዚህ ልማድ የተጻፈው አብዛኛው ነገር የጥይትን ጉልበት የሚያወድስ ነው፤ ይሁን እንጂ አዳኙን ይበልጥ ያስቸገረው፣ መሣሪያውንም ከሽጉጥነት ያወጣው፣ ጥይቱን በእንስሳው ልብና ሳንባ ላይ ለማሳረፍ በምን አልሞ መተኮስ ይሻላል የሚለው ጥያቄ ነበር።

ያለ መነጽር የሚተኮስ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ማነጣጠሪያ አለው፤ አንደኛው በአፈሙዙ ጫፍ ላይ ብቅ ያለ ጉብታ ወይም ቀጭን ብረት ሲሆን የፊት ማነጣጠሪያ ይባላል፤ ሁለተኛው ወደ ተኳሹ ዓይን የቀረበና ስንጥቅ ያለበት ብረት ሲሆን የኋላ ማነጣጠሪያ ይባላል። ተኳሹ የፊቱን በኋላው ስንጥቅ መካከል አስገብቶ ከዒላማው ጋር ያስተካክላል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ባጠረ መጠን ግን ትንሿ መዛነፍ ሩቅ ቦታ ላይ ትልቅ ስህተት ሆና ትገኛለች። በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል 65 ሳንቲ ሜትር ባለው ጠመንጃ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል የተዛነፈ ተኳሽ 100 ሜትር ላይ ካለመው ነጥብ 8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲስት፣ 25 ሳንቲ ሜትር ብቻ ባለው ሽጉጥ በዚያው መጠን የተዛነፈ ተኳሽ 20 ሳንቲ ሜትር ይስታል። የአጋዘን ልብና ሳንባ የሚገኝበት ስፍራ ከዳር እስከ ዳር ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ስለዚህ ከመሀሉ 8 ሳንቲ ሜትር የሳተው ጥይት እንስሳውን ወዲያው ሲጥለው፣ 20 ሳንቲ ሜትር የሳተው ሆዱን ወይም እግሩን መትቶ ቁስለኛውን ወደ ጫካ ይሰድደዋል። በዚህ ላይ የሰው ዓይን በአንድ ጊዜ የኋላውን ብረት፣ የፊቱን ብረትና እንስሳውን አጥርቶ ማየት አይችልም፤ ከሦስቱ አንዱን መርጦ ሁለቱን በብዥታ መተው ግድ ይሆንበታል። ከዚህ በኋላ ከሚነገሩት የማነጣጠሪያ ዓይነቶች አብዛኞቹ ከእነዚህ ሁለት ችግሮች አንዱን ወይም ሁለቱንም ለማቃለል የታሰቡ ነበሩ።

የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሽጉጥ ሠሪዎች ግን በዚህ እምብዛም የተጨነቁ አይመስልም። ሳሙኤል ኮልት ከ1836 ጀምሮ በባለቤትነት መብት ያስጠበቀው ሪቮልቨር፣ ማለትም ጥይቶቹን በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ የሚይዘው ሽጉጥ፣ እንደ 1851ዱ ኔቪና እንደ 1860ው አርሚ ባሉት ታዋቂ ዓይነቶቹ ላይ ራሱን የቻለ የኋላ ማነጣጠሪያ እንኳ አልነበረውም። ስንጥቁ የተፈለቀቀው በመዶሻው፣ ማለትም ምላጩ ሲሳብ ወድቆ ጥይቱን በሚያስነሳው ብረት አፍንጫ ላይ ነበር፤ በመሆኑም የኋላ ማነጣጠሪያው ለተኳሹ የሚታየው መዶሻው ወደ ኋላ ሲጎተት ብቻ ነው። ተንቀሳቃሽ በሆነ ክፍል ላይ ማነጣጠሪያ መሥራት ዛሬ ለሰሚው የሚያስገርም ቢሆንም፣ በፈረስ ላይ ሆኖ ጥቂት ሜትር ርቆ ያለን ሰው ለሚተኩስ ሰው ከበቂ በላይ ነበር። በ1873 የወጣው የኮልት ሽጉጥ ከከበሮው በላይ የሚያልፍ የብረት ድልድይ ስለ ነበረው፣ በድልድዩ ጀርባ ላይ የተቦረቦረ ቦይ የኋላ ማነጣጠሪያ ሆኖ አገለገለ፤ ቦዩ ግን የማይነቃነቅ በመሆኑ ሽጉጡ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የሚስት ሆኖ የተገኘበት ሰው የፊቱን ብረት በሞረድ ከመሞረድ ወይም ከማጣመም በቀር መላ አልነበረውም።

ለውጡ የመጣው ከዱር ሳይሆን ከዒላማ ሜዳ ነበር። በ1890ዎቹ ኢ. ኢ. ፓትሪጅ የተባለ ዒላማ ተኳሽ፣ በዘመኑ የተለመደውን ክብ የፊት ጉብታና የቪ ቅርጽ ያለው የኋላ ስንጥቅ ትቶ፣ ከኋላ ሲታይ ጠርዙ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን የፊት ብረትና እንደዚሁ አራት ማዕዘን የሆነ ስንጥቅ አስተዋወቀ። የስሙ አጻጻፍ በእንግሊዝኛ ቆቅ መሰል ወፍ ከሚጠራበት ቃል ጋር ስለሚመሳሰል በአደን መጻሕፍት ሳይቀር በስህተት ሲጻፍ ይገኛል። የአሠራሩ ብልሃት ቀላል ነው፤ ጥቁሩ ብረት በስንጥቁ መካከል ሲቆም በግራና በቀኙ ሁለት ቀጫጭን የብርሃን መስመሮች ይታያሉ፤ ዓይን ደግሞ ሁለት መስመሮች እኩል መሆናቸውን ክብ ነገር በመሀል መቀመጡን ከሚያውቀው በላይ በትክክል ያውቃል፤ የፊቱ ብረት አናት ከኋላው ጠርዝ ጋር እኩል መሆኑም ወዲያው ይለያል። በነጭ ወረቀት ላይ ለተሳለ ጥቁር ክብ ይህን የሚስተካከል ማነጣጠሪያ አልነበረም። ዱር ውስጥ ሲገባ ግን ጉድለቱ ታየ፤ ጥቁር ብረት በጥላ ሥር ከቆመ ቡናማ አጋዘን ገላ ጋር ይዋሃድና ከነመኖሩ ይጠፋል። አዳኞች በፊቱ ብረት ላይ የወርቅ ወይም የናስ ነጥብ፣ በኋላም ቀይ ፕላስቲክ ማስገባት የጀመሩት በዚህ ምክንያት ነው። ወርቁ ብርሃንን ያንጸባርቃል፤ ይሁን እንጂ ፀሐይ ከአንድ ጎን ስትመታው የሚያበራው ያ ጎን ብቻ ስለሆነ ዓይን የሚያበራውን ጎን መሀል አድርጎ እየወሰደ ጥይቱን ወደ ተቃራኒው ወገን ይሰደዋል። ለአዳኝ ሽጉጥ ማነጣጠሪያ መምረጥ ብርሃን ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ሆኖ የቀረው ከዚህ ጊዜ አንሥቶ ነው።

በ1935 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለው ኩባንያ ከዊንቸስተር ጋር በመተባበር .357 ማግነም የተባለውን ጥይትና ሪቮልቨር ለገበያ አወጣ። የመጀመሪያው ሽጉጥ የተሰጠው ለፌዴራል የምርመራ ቢሮ ኃላፊ ለኤድጋር ሁቨር መሆኑ፣ መሣሪያው በዋናነት ለፖሊስ መታሰቡን ያሳያል፤ ኩባንያውን ከመሠረቱት ቤተሰቦች የተወለደው ዳግላስ ዌሰን ግን ሽጉጡን ይዞ ወደ ምዕራቡ ተራሮች ወጥቶ ኤልክንና ሙስን፣ ማለትም ሁለቱን ታላላቅ የሰሜን አሜሪካ የአጋዘን ወገኖች፣ በመግደል የአደን መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል አስታወቀ። ማስታወቂያ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ግዳይ የጣለ ሰው መፎከሩ በየትኛውም አገር ያለ ነው። ለዚህ ታሪክ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን የሽጉጡ አሸጣጥ ነው። ገዢው የአፈሙዙን ርዝመት ከ3 ኢንች ተኩል እስከ 8 ኢንች ከሦስት ሩብ፣ ማለትም ከ9 እስከ 22 ሳንቲ ሜትር ገደማ ባለው ውስጥ እንዲወስን፣ የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያውን ከቀረቡለት ዓይነቶች እንዲመርጥና ማነጣጠሪያው በሚፈልገው ርቀት ላይ ተስተካክሎ እንዲመጣለት ያዝዝ ነበር፤ ሽጉጡም በስሙ ተመዝግቦ ይላክለታል። ምርጫው ከጠመንጃ ሠሪው እጅ ወጥቶ ወደ አዳኙ እጅ የገባበት ወቅት ቢኖር ይህ ነው፤ ከምርጫዎቹ መካከል የሞንታናው ስመ ጥር ተኳሽ ኤድ ማክጊቨርን ስም የወጣለት የወርቅ ነጥብ ያለው የፊት ማነጣጠሪያ ይገኝበታል።

በዚሁ ዘመን ክርክሩን ከማንም በላይ ያጋጋለው በ1899 የተወለደውና አብዛኛውን ዕድሜውን በአይዳሆ የኖረው ከብት አርቢ፣ የአደን መሪና ጸሐፊ ኤልመር ኪት ነው። ኪት ረጅም ርቀት በሽጉጥ ለመተኮስ የተጠቀመበት ዘዴ በቅርብ ሊታይ የሚገባው ነው። ጥይት ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ስለሚወድቅ፣ ሌላ ተኳሽ ሽጉጡን ከዒላማው በላይ ባዶ ሰማይ ላይ አልሞ በግምት ይተኩሳል፤ ዒላማውም ከአፈሙዙ በታች ተሸፍኖ ይጠፋዋል። ኪት ይህን በመናቅ በፊት ማነጣጠሪያው ፊት ላይ ቀጫጭን የወርቅ መስመሮች በአግድም አስቀበረ፤ ለቅርብ ርቀት የብረቱን አናት ከኋላው ስንጥቅ ጋር እኩል ያደርጋል፤ ለሩቅ ደግሞ አፈሙዙን ቀና አድርጎ የፊቱ ብረት ከስንጥቁ በላይ ወጥቶ እንዲታይ ካደረገ በኋላ፣ ከመስመሮቹ አንዱን ከኋላው ጠርዝ ጋር አስተካክሎ፣ እንስሳውን በብረቱ አናት ላይ እንደ ተቀመጠ ወፍ ያኖረዋል። ዒላማው ሁልጊዜ ይታያል፤ የሚለወጠው የፊቱ ብረት የሚወጣበት ከፍታ ብቻ ነው። ይህ እንደየርቀቱ ከፍና ዝቅ ከሚደረግ የጠመንጃ ማነጣጠሪያ ጋር አንድ ዓይነት አሳብ ሲሆን፣ የተሠራው ግን በጥቂት የወርቅ ክሮችና በተኳሹ ትውስታ ነው።

ኪት ለዓመታት ሲወተውት የኖረው ከባድ ጥይት .44 ማግነም ተብሎ በ1955 መጨረሻ ተወልዶ በ1956 ለሕዝብ ሲቀርብ፣ እርሱ በዚሁ ጥይት በ600 ያርድ፣ ማለትም ወደ 550 ሜትር በሚጠጋ ርቀት ላይ አንድ አጋዘን እንደመታ ጻፈ። ትረካው እስከ ዛሬ ድረስ አንዱን አድናቂ ሌላውን ሳቂ ያደርጋል፤ የሚስቁትም የሚያደንቁትም ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ነገር ግን አጋዘኑ በሌላ አዳኝ ጠመንጃ አስቀድሞ የቆሰለ መሆኑን ነው። ኪት በሸሸ ቁስለኛ ላይ ተኮሰ እንጂ ጤነኛ እንስሳ በዚያ ርቀት ልግደል ብሎ አልተነሣም፤ በመሆኑም ትረካውን ለሩቅ ተኩስ ፈቃድ አድርጎ የሚጠቅስ ሰው ኪትን ሳይሆን የራሱን ምኞት እየጠቀሰ ነው ማለት ይቻላል። በጀርመን የአደን ሕግ ሽጉጥ በመርሕ ደረጃ የሚፈቀደው ለዚሁ ዓይነት ሥራ፣ ማለትም የቆሰለን እንስሳ ከስቃይ ለመገላገል፣ እንዲሁም በጉድጓድና በወጥመድ ለሚደረግ አደን ብቻ ነው፤ ለመገላገያ የሚያገለግለው ጥይትም ከአፈሙዝ ሲወጣ ቢያንስ 200 ጁል ጉልበት እንዲኖረው ያዝዛል። እንዲህ ባለ አገር የአደን ሽጉጥ ማነጣጠሪያ ምን ይሁን የሚለው ክርክር ሊወለድ አይችልም፤ ጥቂት እርምጃ ርቆ ለወደቀ እንስሳ የ1873ቱ ቦይም ይበቃል። ጥያቄው የአሜሪካ ጥያቄ ሆኖ የቀረው ሽጉጥ በዚያ ብዙ ክፍለ ግዛቶች ውስጥ ራሱን የቻለ የአደን መሣሪያ በመሆኑ ነው።

ከ1960ዎቹ ወዲህ መነጽር ገባ። በ1963 ሬሚንግተን ኤክስፒ-100 የተባለውን፣ እንደ ጠመንጃ በመቀርቀሪያ የሚጎርስ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚይዝና የናይሎን እጀታ ያለው እንግዳ ሽጉጥ አወጣ፤ በ1967 ደግሞ በዋረን ሴንተር የተነደፈው ኮንቴንደር የተባለው ሽጉጥ ተከተለ። ኮንቴንደር በመሀሉ እንደ ድርብ አፍ ጠመንጃ የሚሰበርና አፈሙዙ ተነቅሎ በሌላ ዓይነት ጥይት አፈሙዝ የሚተካ ነበር፤ ማነጣጠሪያው ወይም መነጽሩ የሚታሰረው በአፈሙዙ ላይ ስለሆነ፣ አዳኙ አፈሙዝ ሲቀይር ከነተስተካከለው መነጽር ይቀይራል፤ እንደገና ለማስተካከል ጥይት አያባክንም። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር በአዳኞች ዘንድ የሽጉጡን ዕድሜ ካራዘሙት ምክንያቶች አንዱ ነው። ቡሽኔል የተባለው ኩባንያም በዚያው አሥርት ዓመት አንድ ነጥብ ሦስት እጥፍና ሁለት ተኩል እጥፍ የሚያቀርቡ የሽጉጥ መነጽሮችን ለገበያ አቀረበ፤ ሊዮፖልድና ሌሎችም ተከተሉት።

የጠመንጃ መነጽር ለምን በሽጉጥ ላይ እንደማይሠራ መረዳት የሚቻለው የዓይን ርቀት የሚባለውን ነገር በማወቅ ነው፤ ይኸውም ሙሉው ምስል እንዲታይ ዓይን ከመነጽሩ የኋላ ሌንስ መራቅ ያለበት መጠን ነው። በጠመንጃ ይህ ርቀት 8 ወይም 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ተኳሹ ጉንጩን በሰደፉ ላይ ያሳርፋልና። ሽጉጥ ግን በተዘረጋ ክንድ ስለሚያዝ መነጽሩ ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ርቆ ለቆመ ዓይን መሠራት አለበት፤ ለዚህም የሚከፈለው ዋጋ የእይታው ስፋት መጥበብ ነው። አራት እጥፍ የሚያቀርብ መነጽር በክንድ ርቀት የያዘ ሰው የሚያየው፣ በጥቁር ቀለበት መካከል ያለች፣ እጁ በተንቀጠቀጠ ቁጥር የምትሸሽና አንገቱን ትንሽ ሲያዛንፍ ፈጽማ የምትጨልም የብርሃን ሳንቲም ነው። በዚያች ሳንቲም ውስጥ የሚሮጥ አጋዘን ፈልጎ ማግኘት በመርፌ ቀዳዳ ሰማይን የመፈለግ ያህል ነው። መነጽሩ እንስሳውን አራት እጥፍ ሲያቀርብ የእጅን መንቀጥቀጥም አራት እጥፍ ያሳያል፤ መንቀጥቀጡ ቀድሞም የነበረ ቢሆንም ማየቱ ብቻውን ተኳሹን አስደንግጦ ምላጩን ያስነጥቀዋል። ልምድ ያላቸው አዳኞች ከድጋፍ ለማይተኮስ ሽጉጥ ሁለት እጥፍ የሚያቀርበውን መምረጣቸው ከቆጣቢነት የመጣ አልነበረም። ሁለት እጥፉ መነጽር ዋና ጥቅሙም ማቅረቡ አልነበረም፤ ሦስቱን የእይታ ርቀቶች ወደ አንድ አምጥቶ፣ እንስሳውና የማለሚያው መስቀል እኩል ጠርተው እንዲታዩ ማድረጉ ነበር።

ሌላው ችግር ርግጫ ነው። ሽጉጥ በክብደቱ ከጠመንጃ ያነሰ ሆኖ ሳለ ከባድ ጥይት ሲተኮስበት በኃይል ወደ ላይ ይዘላል፤ መነጽሩም በባሕርዩ ባለበት ለመቆየት ስለሚታገል ማሰሪያዎቹ ይላላሉ፣ ብሎኖቹ ይቆረጣሉ፣ አንዳንዴም በመነጽሩ ውስጥ ያለው መስቀል ይበጠሳል። በ1970ዎቹ በኦሃዮ የሽጉጥ ሥራ የጀመረው ጄ. ዲ. ጆንስ ለኮንቴንደር ከባድ አፈሙዞች በሁለት ፈንታ ሦስትና አራት ቀለበት የሚይዝ ማሰሪያ ያዘጋጀው ለዚህ ነበር። በ1976 የዓለም አቀፉ የሽጉጥ ብረት ምስል ተኩስ ማኅበር ተመሥርቶ በ50፣ በ100፣ በ150 እና በ200 ሜትር ላይ ከብረት የተቆረጡ የዶሮ፣ የአሳማ፣ የተርኪና የበግ ምስሎችን በሽጉጥ መጣል የውድድር ዓይነት ሲሆን፣ ማነጣጠሪያው ከአንዱ ርቀት ወደ ሌላው በጥቂት ጠቅታ የሚስተካከል መሆን ስለነበረበት፣ ለአዳኞችም ይበልጥ ጠንካራና ትክክለኛ የኋላ ማነጣጠሪያ ተረፈ። ሩገር የተባለው ኩባንያ በ1987 ሱፐር ሬድሆክን ሲያወጣ ክርክሩን በብረት ውስጥ ዘጋው፤ የሽጉጡን አካል ወደ ፊት አራዝሞ የመነጽር ቀለበቶች የሚነክሱባቸውን ጥርሶች ከአካሉ ጋር አንድ አድርጎ ቀረጸ። እንዲህ ያለውን መሣሪያ፣ መነጽሩ ከነሌንሱ ተጭኖበት፣ ማንም ሰው በወገቡ ሊሸጉጠው አይችልም።

ቀይ ነጥብ የሚባለው ማነጣጠሪያ ግን በታሪኩ ከእነዚህ የሽጉጥ መነጽሮች ይቀድማል። በ1900 የደብሊኑ የቴሌስኮፕ ሠሪ ሃዋርድ ግረብ፣ ከብርሃን የሚነሣ ምልክትን በሌንስ አስተካክሎ በመስታወት ላይ በማንጸባረቅ፣ ለተኳሹ ምልክቱ ከዒላማው ጋር በእኩል ርቀት ላይ የተንሳፈፈ መስሎ እንዲታየው የሚያደርግ ማነጣጠሪያ በባለቤትነት መብት አስመዘገበ። አሳቡ ለአውሮፕላን መድፈኞች ቢያገለግልም ለትንሽ መሣሪያ የሚሆን የብርሃን ምንጭ እስኪገኝ ረጅም ጊዜ ጠበቀ፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ የስዊድኑ ኤምፖይንት በትንሽ ባትሪ የሚበራ ቀይ አምፖል ተጠቅሞ ለገበያ አቀረበው። ይህ ዓይነቱ ማነጣጠሪያ ምንም አያቀርብም፤ የሚሰጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተኳሹ ሁለት ዓይኑን ገልጦ እንስሳውን እያየ ነጥቧን በላዩ ላይ እንዲያሳርፍ ያስችለዋል፤ ጭንቅላቱ ትንሽ ቢዛነፍ እንኳ ነጥቧ እዚያው ናት። በ1990 ዳግ ኮኒግ የተባለው አሜሪካዊ በዓለም አቀፉ የተግባር ተኩስ ሻምፒዮና በእንዲህ ያለ ማነጣጠሪያ ሲያሸንፍ የፍጥነቱ ነገር ተረጋገጠ፤ በ1996 ቡሽኔል በሆሎግራም የሚሠራውን ወንድሙን አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ መጠኑ እየቀነሰ ሄዶ ከአንድ የክብሪት ቀፎ የማይበልጥ ሆኗል።

የአዳኞች ዕድሜም ምርጫውን ከጥይት ይልቅ ገፍቶታል። ሰው 40 ዓመት ከዘለለ በኋላ የዓይኑ ሌንስ ይደነድንና ቅርብ ያለውን ነገር አጥርቶ ማየት ያቅተዋል፤ በክንድ ርቀት ያለው የፊት ማነጣጠሪያ ደግሞ ልክ በዚያ አስቸጋሪ ርቀት ላይ ይቆማል። በወጣትነቱ የፓትሪጅን ብረት ያወደሰ አዳኝ በሃምሳዎቹ ወደ ሁለት እጥፍ መነጽር ወይም ወደ ቀይ ነጥብ ሲያልፍ የሃሳብ ለውጥ ያደረገ ይመስላል፤ ለውጡ ግን የዓይኑ ነው። ብርሃኑም እንዲሁ ይፈርዳል። በብዙ ክፍለ ግዛቶች አደን የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ከጠለቀች እስከ ግማሽ ሰዓት በኋላ ሲሆን፣ አጋዘን የሚወጣውም በአብዛኛው በእነዚሁ ሁለት የድንግዝግዝ ጠርዞች ነው። በዚያ ሰዓት ጥቁር ብረት በጥቁር ስንጥቅ ውስጥ ይሰጥማል፤ የወርቅ ነጥብ የሚያንጸባርቀው ብርሃን ያጣል፤ ጠባብ የሽጉጥ መነጽር ይደበዝዛል፤ ብርሃኑ ያልተቀነሰለት ቀይ ነጥብ ደግሞ እንደ ፍም ጎልቶ አጋዘኑን ይሸፍነዋል። ኤምፖይንትም ሆነ ተከታዮቹ የነጥቧን ድምቀት ዝቅ የሚያደርግ መዘውር ያበጁት ለዚህ ነበር፤ በዱር ውስጥ ያለ ጓንት የማይቻል ብርድ ሲመጣ ያንን ትንሽ መዘውር በደነዘዘ ጣት ማዞር ግን ሌላ ፈተና ነው።

የሱፐር ሬድሆክ ንድፍም ከነጥንካሬው አንድ ነገር አልተወም፤ ቀለበቶቹ በተነሡ ጊዜ ከሥራቸው የሚገኘው የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያ ብረት ነው፤ ቀለበቶቹም የሚላሉት በሳንቲም ጠርዝ ሊዞር በሚችል ብሎን ነው። መነጽሩ ዝናብ የገባበት ወይም በርግጫ የተሰበረ አዳኝ፣ ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ውስጥ የቀረውን ቀን በሠላሳና በአርባ እርምጃ ርቀት በዚያው አራት ማዕዘን ብረት ያድናል።